የድሮ ድልድዮቻችን «የጣሊያን» ናቸው? ለአንድ አስጎብኚ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው፦ «ከለገሃር ተነሥቼ በቸርችል ጎዳና ወደ ፒያሳ፣ ከዚያ ወደ አራት ኪሎና ቀበና እንግዶች አስጎበኛለሁ። ሁለት ነገር ያስቸግረኛል። የድንጋይ ድልድይ ባየን ቁጥር የሠፈሩ ሰው ‹ጣሊያን ነው የሠራው› ይላል፤ እውነት ነው? የውጭ እንግዶች ደግሞ ‹ቅኝ ካልተገዛችሁ የፈረንሳይ ባቡርና የጣሊያን መንገድ ከየት መጣ?› ይሉኛል። ድልድይ የሚያውቅ ሰው ምን ይመልሳል?»

ሁለቱን ጥያቄዎች ለያይተው ቢያቀርቧቸውም መልሳቸው አንድ ቦታ ይገናኛል። እንጀራዬ ድልድይ መንደፍና ያረጀውን መፈተሽ ስለሆነ፣ ድልድይ የማየው አብዛኛውን ጊዜ ከላዩ ቆሜ ሳይሆን ከሥሩ ገብቼ ነው። ከሥር ሲታይ ብዙ የሠፈር ወሬ አይጸናም።

አጭሩን ላስቀድም። የድንጋይ ድልድይ ሁሉ የጣሊያን አይደለም። ጣሊያናዊ ወይም ሌላ የውጭ ሰው የገነባው ሁሉ ደግሞ የቅኝ ግዛት ሥራ አይደለም። አንድ ድልድይ የማን ሥልጣን መሣሪያ እንደነበረ ማወቅ የፈለገ ሰው ግንበኛው የየት አገር ሰው ነው ብሎ ከሚጠይቅ፣ ውሉን ማን ፈረመ፣ መንገዱ ከየት ተነሥቶ የት ይደርሳል፣ አንድ ብረት ሲሰበር መለወጫው ከየት ይመጣል ብሎ ቢጠይቅ ይሻለዋል።

ከድንጋዩ እንጀምር። የድንጋይ ቅስት የሚቆመው ድንጋዮቹ እርስ በርስ ስለሚጫጫኑ ነው። ከላይ የሚመጣውን ክብደት ቅስቱ ወደ ታችና ወደ ጎን እየገፋ ያወርደዋል፤ ግፊቱን የሚቀበሉት በሁለቱ ዳር ያሉት ግንቦችና ከጀርባቸው ያለው መሬት ናቸው። ብረት አይፈልግም። የሚፈልገው ጥሩ ድንጋይ፣ ድንጋዩን የሚጠርብ እጅ፣ ኖራ፣ እና ቅስቱ እስኪዘጋ ድረስ ሸክሙን ይዞ የሚቆይ የእንጨት ድጋፍ ነው። የመሃሉ ድንጋይ ገብቶ ቅስቱ ሲዘጋ እንጨቱ ይነሣል። ከዚያ በኋላ ድልድዩ ከላዩ ከሚያልፈው ጭነት ይልቅ ከሥሩ መሠረቱን የሚቦረቡረውን ጎርፍ ነው የሚፈራው። ከዘረዘርኳቸው ውስጥ የግድ በመርከብ መምጣት ያለበት ነገር አለመኖሩን ልብ ይበሉልኝ። ዕውቀቱ ከውጭ ሊመጣ ይችላል፤ አንዴ ከመጣ ግን እዚሁ ይቀራል።

ለዚህ ከሁሉ የሚሻለው ምሳሌ ከአዲስ አበባ ራቅ ይላል። እ.ኤ.አ. በ1626 ጢስ ዓባይ አጠገብ፣ አላታ ላይ፣ በአፄ ሱስንዮስ ትእዛዝ የተሠራው ድልድይ በዓባይ ላይ የመጀመሪያው የድንጋይ ድልድይ ነው። በዚያ ዘመን ከህንድ የመጡ ግንበኞች ነበሩ፤ ኖራ አቃጥሎ ለግንብ መጠቀምም ያኔ የተስፋፋ ጥበብ ነው። ከፖርቱጋሎቹ ወገን የነበሩት የካቶሊክ ሚስዮናውያን፣ ኢየሱሳውያኑ፣ በአፄ ፋሲል ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1630ዎቹ፣ ከአገር ተባረሩ። ግንቡ ግን አብሯቸው አልተባረረም። የጎንደር ቤተ መንግሥት የተነሣው ከዚያ ወዲህ ነው፤ ሁለተኛው የዓባይ ድልድይም፣ ዛሬ ሰባራ ድልድይ የምንለው፣ በፋሲል ዘመን፣ ሰዎቹ ከሄዱ ከሃያ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው የተሠራው። እንዲያም ሆኖ ሰዉ ሁሉንም በጅምላ «የፖርቱጋል ድልድይ» ይላቸዋል። ደብረ ሊባኖስ አጠገብ ያለው፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ራስ ዳርጌ ያሠሩት ድልድይ እንኳ ከዚህ ስም አላመለጠም። ፖርቱጋሎቹ ከሄዱ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ አልፎ ነበር እኮ! ያረጀና ያማረ ግንብ ባየን ቁጥር ከባሕር ማዶ ባለቤት መፈለግ ማንም ሳያስገድደን የያዝነው ልማድ ነው ባይ ነኝ።

ሰባራ ድልድይ ስሙን ያገኘው በጣሊያን ወረራ ጊዜ ነው። ለጠላት መሻገሪያ እንዳይሆን አርበኞች አንዱን ክፍል ሰበሩት። ከዚያ በኋላ የጎጃምና የበጌምድር ገበያተኛ ክፍተቱን ለአሥርት ዓመታት በገመድ እየተንጠለጠለ፣ ከወዲህና ከወዲያ በቆሙ ሰዎች እየተጎተተ ነው የተሻገረው። የድልድይ ታሪክ ሲጻፍ ግንባታው እንጂ ስብራቱ ብዙ ጊዜ አይነገርም፤ ለእኔ ግን ከዚያ ቅስት መሰበር የበለጠ ስለ ሥልጣን የሚናገር የምሕንድስና ሥራ ጥቂት ነው።

አሁን ወደ ከተማችን። ቀበናና ግንፍሌን የመሳሰሉ ወንዞች በክረምት ሲሞሉ አዲስ አበባን ይቆራርጧት ነበር፤ ስለዚህ ድልድይ የመሥራት ፍላጎት ከጣሊያን ወረራ በፊት፣ በምኒልክ ዘመን ነው የተጀመረው። በዚያ ዘመን የሠሩት እጆች ደግሞ የብዙ አገር ናቸው። ከአድዋ ድል በኋላ የጣሊያን ምርኮኞች በከተማዋ ግንባታ ላይ ውለዋል። ከእነሱ አንዱ የነበረው ሴባስቲያኖ ካስታኛ እዚሁ ቀርቶ በአራዳ ጊዮርጊስ ካቴድራል ሥራ ላይ ተሳትፏል። አርመናዊው ሰርኪስ ተርዚያን ያስመጣውን የመንገድ መዳመጫ የአዲስ አበባ ሰው «የሰርኪስ ባቡር» እያለ ሲያወራለት ኖሯል። አሠሪውም ከፋዩም «ይብቃ» የሚለውም ንጉሠ ነገሥቱ ነበሩ። እንግዲህ አንድ የምኒልክ ዘመን ግንብ ላይ ቆመው «ጣሊያን ነው የሠራው» ቢባሉ፣ ነገሩ እውነት ሆኖ ትርጉሙ የተገላቢጦሽ ሊሆን ይችላል፤ የሠራው ጣሊያን የተማረከ ጣሊያን ነውና።

ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ድረስ የተሠሩትን በዓይን መለየት የሚያስቸግርበት ሌላ ምክንያት አለ። የፋሺስቱ መንግሥት ኢትዮጵያን በመውረሩ ማዕቀብ ከተጣለበት ወዲህ የብረት እጥረት ነበረበት፤ «በራስ ሀብት መኖር» የሚለው ፖሊሲውም ብረት ቆጥቡ ይል ነበር። የመጣው ብረትና ሲሚንቶ ደግሞ ከምጽዋ በጭነት መኪና ተራራ ለተራራ መጓዝ አለበት። ድንጋይ ግን በየመንገዱ ዳር አለ። ስለዚህ የጣሊያን መሐንዲሶች እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ፣ ዓለም ወደ አርማታ ባዘነበለበት ጊዜ፣ እዚህ አገር ቅስት በድንጋይ ገነቡ። ድልድዮቹ ከዕድሜያቸው በላይ ያረጁ የሚመስሉት ለዚህ ነው። ድንጋይ መሆኑ ብቻ የትኛውንም ዘመን አያረጋግጥም ማለት ነው።

እንዴት ይለዩታል? መጀመሪያ ስፋቱን ይዩ። ለበቅሎና ለጋሪ የታሰበ ድልድይ ጠባብ ነው፤ ለጭነት መኪና የታሰበ ሰፊ ነው። ከተማ ውስጥ ያለ ግን ኋላ ላይ ሊሰፋ ስለሚችል ከላይ አይፍረዱ፤ ከሥር ሲያዩት መሃሉ የድንጋይ ቅስት፣ ዳርና ዳሩ አርማታ ሆኖ፣ የሁለቱ መጋጠሚያ እንደ መስመር ሊታይ ይችላል። ቀጥሎ ማጣበቂያውን ይዩ፤ ኖራ ለስለስ ብሎ በጥፍር ይፋቃል፣ ሲሚንቶ ግን ጠንካራና ግራጫ ነው። ይህም ብቻውን አይበቃም፤ ጥገና ሲደረግ በኖራው ላይ ሲሚንቶ የሚለጥፍ ሞልቷል፤ ያ ደግሞ አሮጌውን ግንብ ውስጡ እርጥበት እየያዘ ይጎዳዋል። በዚህ ጉዳይ ብዙ እናደድ ነበር፤ ለሌላ ቀን ይቆየኝ።

የውጭ እንግዶችዎ ጥያቄ የሚመጣው ከብረቱ ነው፤ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

የ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የቅኝ ግዛት ድልድይ በዋናነት የብረት ድልድይ ነው፤ ይህም በአጋጣሚ የሆነ አይደለም። ብረቶቹ ሦስት ማዕዘን እየሠሩ የሚገጣጠሙበት ድልድይ ወንዙን አይቶ በማያውቅ ሰው፣ ለንደን ወይም ፓሪስ ውስጥ፣ ጠረጴዛ ላይ ሊነደፍ ይችላል። እያንዳንዱ ብረት ፋብሪካ ውስጥ ተቆርጦ፣ ቀዳዳው ተበስቶ፣ ቁጥር ተጽፎበት በመርከብ ይላካል። ወንዙ ዳር የሚቀረው ሥራ ቁጥሩን እያዩ መግጠምና መቀጥቀጥ ነው። የአካባቢው ሰው ጉልበቱ እንጂ ዕውቀቱ አይፈለግም። በድንጋዩ ቅስት ዕውቀቱ ከግንበኛው ጋር ወንዙ ዳር ይቀራል፤ በብረቱ ግን ዕውቀቱ ፋብሪካው ዘንድ ነው ያለው፤ አንድ ብረት ሲታጠፍ ደብዳቤ ወደዚያ መጻፍ ግድ ነው።

ጎረቤታችን ሱዳን ጥሩ ማሳያ ነች። እንግሊዛዊው የጦር አዛዥ ኪችነር ሱዳንን ለመያዝ ጦሩን ያጓጓዘው በባቡር ነው፤ የሀዲዱም ዋና መሐንዲስ ካናዳዊው ጂሩዋርድ ነበር። መስመሩ ወደ ካርቱም ሲቀጥል አትባራ ወንዝ ላይ ድልድይ አስፈለገ፤ የእኛው ተከዜ የሚገባበት ወንዝ ነው። እንግሊዝ ውስጥ ያሉት ፋብሪካዎች በተፈለገው ፍጥነት እናደርሳለን ማለት ስላልቻሉ ውሉ ለአሜሪካ ፔንሲልቫንያ ፔንኮይድ ፋብሪካ ተሰጠ። አሜሪካኖቹ በመደበኛ ልክ የሚሠሩ ስለነበሩ ብረቱን በሳምንታት ውስጥ አዘጋጅተው ላኩ፤ እ.ኤ.አ. በ1899 ድልድዩ ተመረቀ። እንግሊዝ አገር ይህ ብሔራዊ ውርደት ተደርጎ ተጮኸበት። የሠራው አሜሪካዊ ቢሆንም ግን ያ ድልድይ የማን እንደነበር ማንም ተሳስቶ አያውቅም። ያስገነባው የእንግሊዝ ጦር፣ መንገዱ የሚሄደው ለእንግሊዝ ጦር ነው።

ሌሎቹንም ቢያዩ እንዲሁ ነው። የቪክቶሪያ ፏፏቴ ድልድይ፣ 156 ሜትር ያህል በአንድ ቅስት የሚዘረጋው፣ እንግሊዝ አገር ዳርሊንግተን ከተማ በክሊቭላንድ ድልድይ ፋብሪካ ተሠርቶ፣ በሞዛምቢክ ቤይራ ወደብ ገብቶ እ.ኤ.አ. በ1905 ተመረቀ። ዓላማው የእንግሊዝ ቅኝ ግዛት አስፋፊው ሴሲል ሮድስ ያለመው ከኬፕ ታውን እስከ ካይሮ የሚደርስ ሀዲድ ነበር፤ ሰውየው ድልድዩን ሳያየው ሞተ፣ ሀዲዱም ካይሮ አልደረሰም። ቬትናም፣ ሃኖይ ውስጥ ቀይ ወንዝ ላይ ያለው፣ ከ1,600 ሜትር በላይ የሚረዝመው ድልድይ እ.ኤ.አ. በ1902 ሲከፈት በፈረንሳዩ ገዥ በፖል ዱሜር ስም ነበር የተጠራው፤ ዛሬ ሎንግ ቢየን ይባላል።

እንግዲህ ለገሃር ላይ ቆመው የሚያሳዩት ባቡር ከዚህ ወገን ነው ወይስ አይደለም? መልሱ ከሁለቱም ወገን የሆነ ነገር አለው፤ ክርክሩም የሚጥመው ለዚሁ ነው።

ፈቃዱን የሰጡት ምኒልክ ናቸው፤ በ1886 ዓ.ም.፣ ከአድዋ ሁለት ዓመት ቀደም ብለው፣ ለስዊሱ መሐንዲስና አማካሪያቸው ለአልፍሬድ ኢልግ። ፈረንሳዊው ነጋዴ ሌዎን ሼፍኑ ሸሪኩ ነበር። ፈቃዱ የ99 ዓመት ነው። አቋቋሙት የተባለው ኩባንያ በስሙ «የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥታዊ የምድር ባቡር» ነበር፤ ገንዘቡ ግን ከአውሮፓ ገበያ የሚሰበሰብ ነው። ሥራው እ.ኤ.አ. በ1897 ከጅቡቲ ተጀመረ።

እዚህ ላይ የምሕንድስናው ምርጫ ራሱ ብዙ ይናገራል። ሀዲዱ ከባሕር ጠለል ተነሥቶ ከ2,300 ሜትር በላይ መውጣት ነበረበት። የሀዲዱ ስፋት አንድ ሜትር እንዲሆን የተመረጠው ለዚህ ነው፤ ጠባብ ሀዲድ ጠባብ ኩርባ ይቀበላል፣ ኩርባ የሚቀበል መስመር ደግሞ ተራራውን ከመብሳት ይልቅ እየተጠማዘዘ ይወጣዋል። ርካሽ ነው። ዋጋው ግን በኋላ ይከፈላል፤ ባቡሩ ይቀልላል፣ ፍጥነቱ ይቀንሳል፣ ድልድዮቹም የተነደፉት ለቀላል ጭነት ስለሆነ ከባድ ባቡር ላምጣ ቢሉ ድልድዩን ሁሉ መለወጥ ነው። ጅቡቲ ውስጥ ሆል ሆል ላይ ያለውን የብረት ድልድይ ፎቶውን ቢያገኙ ለእንግዶችዎ ያሳዩአቸው፤ ውሃ በማይታይበት ሸለቆ ላይ በቀጫጭን የብረት እግሮች የቆመ ነው። ብረቱ የተጓዘው እሱ ራሱ በሚሠራለት ሀዲድ ላይ ነው፤ ሀዲዱ ሸለቆው ጫፍ ሲደርስ የሚቀጥለውን ድልድይ ተሸክሞ ይደርሳል ማለት ነው።

ገንዘቡ አለቀ። ኩባንያው በ1894 ዓ.ም. ወደ ፈረንሳይ መንግሥት ዞረ፤ መንግሥቱም በየዓመቱ ድጎማ ሊሰጥ፣ በምትኩ ግን በኩባንያው ላይ ተቆጣጣሪ ሊሆን ተስማሙ። ምኒልክን ማንም አላማከራቸውም። ለግል ኩባንያ የሰጡት ፈቃድ በጀርባ በር የባዕድ መንግሥት ንብረት ሆኖ አገኙት፤ ተቆጡ። ሀዲዱ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደርሶ እዚያው ቆመ፤ ለዓመታትም አልተንቀሳቀሰም። ኩባንያውም ከሠረ። አንድ ንጉሥ ሀዲድ እንዲቆም አድርጎ ኩባንያ ሲከስር ያየንበት አጋጣሚ በአፍሪካ ታሪክ ብዙ አይደለም። በሱዳን ወይም በሮዴዥያ (የቪክቶሪያ ፏፏቴ ድልድይ ባለበት፣ በዛሬዎቹ ዛምቢያና ዚምባብዌ) ሊሆን አይችልም ነበር፤ እዚያ ሀዲዱ የሚያልፍበት መሬት ባለቤት የሚጠየቅ ሰው አልነበረም።

ያም ሆኖ ስጋታቸው ትክክል እንደነበር የታየው ብዙም ሳይቆይ ነው። በ1899 ዓ.ም. እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ጣሊያን ሦስትዮሽ ስምምነት ተፈራረሙ። ስምምነቱን ያነበበ ሰው ግማሹ ስለ ባቡር መሆኑን ያያል፤ ከጅቡቲ እስከ አዲስ አበባ ለፈረንሳይ፣ ከአዲስ አበባ ወደ ምዕራብ ለእንግሊዝ፣ ኤርትራንና ሶማሊያን ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ የሚያገናኝ መስመር ደግሞ ለጣሊያን። ያኔ ከጅቡቲ ድሬዳዋ ከደረሰው ሀዲድ በቀር እነዚህ መስመሮች ወረቀት ላይ ብቻ ነበሩ። ከተማችን ግን በሀዲድ ሥዕል ተከፋፍላ ነበር። ምኒልክ ስምምነቱ ሲቀርብላቸው የሰጡት መልስ ጨዋና አጭር ነው፤ ስላሳወቃችሁን እናመሰግናለን፣ ሆኖም ይህ የእኛን የበላይነት መብት በምንም አይገድብም የሚል ይዘት አለው።

ጥር 1900 ዓ.ም. ከፈረንሳይ ጋር አዲስ ስምምነት ተደረገ፣ አዲስ ኩባንያ ተቋቋመ፣ ሀዲዱ ከድሬዳዋ ተነሣ። አዋሽ ገደል ላይ የብረት ድልድይ ተዘረጋ፤ ባቡሩ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። ዛሬ የምናየው የለገሃር ጣቢያ ሕንፃ በ1922 ዓ.ም. የተመረቀ ነው። እስከ መጨረሻው ድረስ ግን የኩባንያው አክሲዮን የሚሸጠውና የሚለወጠው አውሮፓ ነበር። በ1927 ዓ.ም. የፈረንሳዩ ውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ላቫልና ሙሶሊኒ ሮም ላይ ሲስማሙ ፈረንሳይ ለጣሊያን 2,500 የባቡሩን አክሲዮን ሰጠች፤ ወረራው ሊጀመር ወራት ሲቀሩት። ኢትዮጵያን ማን ጠየቃት? ሀዲዱ በመሬቷ ላይ፣ ጣቢያው በዋና ከተማዋ፣ አክሲዮኑ በሌላ ሰው ኪስ። «ቅኝ ካልተገዛችሁ» ለሚለው ጥያቄ ትክክለኛው መልስ እዚህ ጋ ነው ያለው ብዬ አምናለሁ። ነፃ አገር ነበርን፤ ነፃነታችን ግን በባቡር ውል ላይ በየዓመቱ የሚፈተን ነበር። የኩባንያው ዋና መሥሪያ ቤት ከፓሪስ ወደ አዲስ አበባ የተዛወረው ከሌላ ስምምነት በኋላ፣ በ1952 ዓ.ም. ነው።

አዋሽ ድልድይ ደግሞ የባቡሩንና የጣሊያን ወረራን ታሪክ ያገናኛል። በ1933 ዓ.ም. የጣሊያን ጦር ሲሸሽ አዋሽ ላይ ያሉትን ድልድዮች አፈረሰ። ለመግዛት ሲመጣ ድልድይ የሚሠራ ጦር ሲሸነፍ ድልድይ ያፈርሳል፤ ለጣሊያን ብቻ የተለየ ነገር አይደለም።

ስለ አምስቱ ዓመት ግንባታ ብዙ ስለሚወራ ባጭሩ አልፋለሁ። እውነት ነው፣ ጣሊያን በአጭር ጊዜ ብዙ መንገድ ሠርቷል፤ ሥራውም ጥራት ነበረው። ጣርማበር ላይ ተራራውን በስቶ ያለፈው ዋሻ 587 ሜትር ርዝመት አለው፤ ዛሬም መኪና ያልፍበታል። የመንገዶቹን አቅጣጫ ግን በካርታ ላይ ያስተውሉ፤ ከአዲስ አበባ ወደ አስመራና ምጽዋ፣ ወደ አሰብ፣ ወደ ጎንደር፣ ወደ ጅማ። ወታደርና ስንቅ ከወደብ ወደ ጦር ሠፈር የሚያደርሱ መስመሮች ናቸው። በከተማዋ ውስጥም እንዲሁ፤ ጉይዲና ቫሌ የተባሉት አርክቴክቶች ባወጡት ፕላን «አገሬው» ከነጮቹ ተለይቶ እንዲኖር ተወስኖ ነበር፤ የመርካቶ አቀማመጥ ከዚያ የመጣ ነው። «ጣሊያን ግን መንገድ ሠራልን» የሚለውን ዐረፍተ ነገር እኔ የምቀበለው «ልን» የምትለዋ ከተነሣች ብቻ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለውን ሥልጣን በጦር ሳይሆን በብድር ነው የምንከተለው። የዓለም ባንክ ለአፍሪካ የሰጠው የመጀመሪያ ብድር በ1943 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ የሰጠው ነው፤ ትልቁ ክፍል፣ 5 ሚሊዮን ዶላር፣ ለመንገድ ጥገና ዋለ። በዚያው ዓመት የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ተቋቋመ፤ አመራሩን መጀመሪያ ላይ የያዙት አሜሪካውያን ባለሙያዎች ነበሩ። እነሱ ሥር ሆነው የተማሩ ኢትዮጵያውያን መሐንዲሶች ኋላ ላይ መሥሪያ ቤቱን ተረከቡ፤ የእኛ ሙያ በዚህ አገር እንደ ሙያ የቆመው ከዚያ ወዲህ ነው ማለት ይቻላል። ዓባይ በረሃ ላይ ያለው 303 ሜትር የሚረዝመው የሕዳሴ ድልድይ በጃፓን ዕርዳታ በ2000 ዓ.ም. መገባደጃ ተመረቀ። በመስቀል አደባባይ ላይ በአርማታ ምሰሶ ከፍ ብሎ የሚያልፈው የከተማ ባቡርም በቻይና ብድርና በቻይና ኩባንያ ተሠርቶ በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረ ነው።

«ታዲያ አሁንስ ቅኝ እየተገዛን ነው?» የሚል እንግዳ አያጡም። አይደለም፤ ቃሉን እንዲህ በርካሹ መጠቀም በሃኖይና በሱዳን የሆነውን ያቃልላል። ውሉን የፈረመው የራሳችን መንግሥት ነው፤ ጥሩ ወይም መጥፎ ውል መሆኑን የምንጠይቀውም እሱን ነው። ሆኖም የብረቱ ጥያቄ አልጠፋም። የከተማው ባቡር ከገዛቸው 41 ባቡሮች ብዙዎቹ መለዋወጫ አጥተው ሲቆሙ አይተናል። ንድፉ በማን እጅ ነው? ጥገናውን ማን ያውቀዋል? መለዋወጫው ስንት ወር ይወስዳል? ኢልግ ፈቃዱን ሲቀበል ቢጠየቅ ኖሮ ብዙ ነገር የሚያድን ጥያቄ ነው፤ ዛሬም ውል ሲፈረም መጀመሪያ ገጽ ላይ መቀመጥ የነበረበት እሱ ነው።

ለእንግዶችዎ ለገሃር ላይ አምስት ደቂቃ ካለዎት፣ የእኔ ሐሳብ ይህ ነው። ጣቢያውን ከማሳየትዎ በፊት ከፊቱ ያለውን የይሁዳ አንበሳ ያሳዩ፤ ለዘውድ በዓሉ እ.ኤ.አ. በ1930 የቆመ፣ ጣሊያን ዘርፎ ሮም የወሰደው፣ ዘርዓይ ደረስ የተቆጣለት፣ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የተመለሰ። ከዚያ ወደ ሕንፃው ዘወር ብለው ይንገሯቸው፦ «ይህን ሀዲድ ፈቅደን አስገባነው፣ አንድ ጊዜ አስቆምነው፣ አክሲዮኑ ግን ያለ እኛ ተሸጠ።» ፈረንሳዊ እንግዳ ካለ ጥያቄ ማንሣቱ አይቀርም፤ የድሬዳዋውን ታሪክ ያን ጊዜ ያምጡት።

ፒያሳና ቀበና አካባቢ ደግሞ የሠፈሩ ሰው «ጣሊያን ነው» ሲል አይከራከሩት፤ «የትኛው ጣሊያን? የተማረከው ወይስ የወረረው?» ብለው ይጠይቁት፤ ብዙ ጊዜ ከዚያ በኋላ አያቱ የነገሩትን ማውራት ይጀምራል፤ እሱን ይጻፉት። ከድልድይ ሥር ወርደው ቅስቱን ማሳየት ከፈለጉ በበጋ ያድርጉት፤ በክረምት እንጦጦ ላይ ዘንቦ እናንተ ዘንድ ፀሐይ ሆኖ ሳለ ጎርፉ በድንገት ይደርሳል።